የሚከፍለው ማን ነው፣ የሚያድረውስ? በሾላ ገበያ አካባቢ በአጭር ጊዜ የቤት ኪራይ የሚያጠራጥሩ የማረፊያ ጥያቄዎችን ስለ መለየት

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ሾላ ገበያ በአዲስ አበባ ነዋሪ ዘንድ የሚታወቀው በእህሉ፣ በቅመማ ቅመሙና በቅቤው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን በገበያው ዙሪያ ባሉ መንደሮች ሰሌዳ ሳይሰቀልለት የሚካሄድ ሌላ ግብይት ነው፤ ይኸውም ዕቃ የተሟላለትን መኖሪያ ቤት፣ አንዳንዴም ከግቢው አንዱን ክፍል፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ማከራየት። አካባቢው ለዚህ የተመቸ ነው። የቀለበት መንገዱ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር ያገናኘዋል፤ ቀላል ባቡሩ በመገናኛ ያልፋል፤ የእንግሊዝን የመሳሰሉ ኤምባሲዎች በቅርብ ይገኛሉ፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህም እንጦጦ ፓርክ ተጨማሪ ጎብኚ ወደ ሰሜን ምሥራቁ የከተማዋ ክፍል ይስባል። በገናና በጥምቀት፣ በሠርግ ወራት፣ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን ከውጭም ከክፍለ ሀገርም የሚመጣው እንግዳ ሆቴል ብቻ አይፈልግም። ከቤተሰቡ ጋር የሚያርፍበት፣ ሽሮውን ሠርቶ የሚበላበት ቤት ይፈልጋል።

በልማዳችን የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ ማደሪያ ሲለምን የእግዚአብሔር እንግዳ ነው፤ ከየት እንደ መጣ ከመጠየቁ በፊት እግሩ ይታጠባል፣ እራት ይቀርብለታል። ይህ የዋህነት ብቻ አልነበረም። ባለቤቱ እንግዳውን በዓይኑ ያየዋል፣ ጎረቤትም ያየዋል፣ በማግስቱ በየትኛው መንገድ እንደ ሄደ መንደሩ ያውቃል። በስልክ፣ በቴሌግራም ወይም በደላላ በኩል የሚመጣ የማረፊያ ጥያቄ ይህን ሁሉ አስቀርቶታል። ፔንሲዮን እንኳ የእንግዳ መዝገብና ተረኛ ጥበቃ አለው፤ ቤቱን የሚያከራይ ግለሰብ ግን ቁልፉን ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ይሄዳል። መረጃ ሲጎድል ክፍተቱን የሚሞላው ግምት ነው፤ ግምቱም ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በእንግዳው ስም፣ በአነጋገሩና በአለባበሱ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ሊመረመር የሚገባው የጥያቄው አካሄድ እንጂ የጠያቂው ዘር ወይም መልክ አይደለም የሚል ነው። በማንነት ላይ የቆመ ጥርጣሬ ፍትሐዊ ካለመሆኑም በላይ አጭበርባሪውን አይዝም።

ስለ ሕጉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ኪራይንና የሆቴል ሥራን ውል ለያይቶ ይመለከታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ የአሥር ቀን እንግዳ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ የለውም። ሥራው በባሕርዩ ወደ እንግዳ ማረፊያ ይጠጋል፤ ይህም ፈቃድንና ግብርን ያስከትላል። ፈቃድ ያላወጣ አከራይ ሲታለል አቤት ለማለት ያመነታል፤ አጭበርባሪውም ይህን አያጣውም። የተከራይን ማንነት በተመለከተ የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 አከራዩ የተከራዩን ማንነት በዝርዝር እንዲይዝና በ24 ሰዓት ውስጥ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር። አዋጁ በቁጥር 1176/2012 ቢተካም «ያከራያችሁትን ሰው ማንነት እወቁ» የሚለው ማሳሰቢያ ከጸጥታ አካላት መግለጫ አልጠፋም።

ከምልክቶች ሁሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው የገንዘቡ መንገድ ነው። እንበልና ለሰባት ሌሊት በ21,000 ብር የተስማማ ሰው 31,000 ብር እንደ ላከ የሚያሳይ የደረሰኝ ፎቶ ይልካል፤ ወዲያውም ደውሎ «በስሕተት አሥር ሺህ ጨምሬያለሁ፤ ለታክሲ ስለ ቸገረኝ በዚህ ቁጥር ቶሎ መልሱልኝ» ይላል። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ጭራሽ የገባ ገንዘብ የለም፤ ፎቶው ተቀናብሯል፣ ወይም «ገቢ ሆኗል» የሚለው አጭር መልእክት የተላከው ከግለሰብ ስልክ ነው። ከቴሌብር የሚመጣ ማረጋገጫ ከ127 እንጂ ከሌላ ቁጥር አይመጣም፤ የባንክም ቢሆን መታመን ያለበት አከራዩ በራሱ ስልክ ወይም በቅርንጫፍ አጣርቶ ያየው ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይከፋል፤ ገንዘቡ በእርግጥ ገብቷል፣ ነገር ግን የላከው እንግዳው ሳይሆን ሌላ ቦታ «መኪና እሸጥልሃለሁ» ተብሎ የተታለለ ሦስተኛ ሰው ነው። አከራዩ አሥር ሺሁን ለአጭበርባሪው ሲመልስ የሌላ ሰው ገንዘብ ማሸጋገሪያ ሆነ ማለት ነው፤ የተበደለው ሰው ባመለከተ ጊዜም ፖሊስ የሚያገኘው ስም የአከራዩን ነው። ስለዚህ ትርፍ ገንዘብ ቢመለስ እንኳ መመለስ ያለበት በባንኩ በኩል ወደ መጣበት ሒሳብ ብቻ ነው። ለመክፈል የተቻኮለን ሰው መጠርጠር ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው፤ ሲገበያይ ያደገ ሰው የሚጠረጥረው ዋጋ የሚያስቀንሰውን ነው። በዚህ ሥራ ግን ስለ ቤቱ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ ዋጋም ሳይከራከር፣ ከተጠየቀው በላይ የሚሰጥ ሰው ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ያስያዘውና የሚያድረው ሰው ግንኙነት ነው። በምዕራቡ ዓለም የአከራዮች መመሪያ «በሌላ ሰው ስም የሚደረግ ማስያዝ» በራሱ እንደ አደጋ ይቆጠራል። ይህን እንዳለ ወስዶ ሾላ ላይ መትከል አይቻልም። ከአሜሪካ ለሚመጣ ወንድም ቤቱን አይቶ ቀብድ የሚከፍለው እዚህ ያለው እኅቱ ወይም አብሮ አደጉ ነው፤ ልማዱ ይኸው ነው። አጠራጣሪ የሚሆነው አስያዡ የሚያድረውን ሰው ስም መናገር ሲሳነው፣ ስሙ በየደወሉ ሲለዋወጥ፣ ወይም «መታወቂያ ምን ያደርጋል፣ እኔ አለሁ አይደል?» እያለ ሲሸሽ ነው። ደላላም ለኮሚሽኑ እንጂ ለእንግዳው አይዋስም።

ስለ አንዲት ሌሊት ኪራይ ደግሞ ከካሊፎርኒያ የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2019 በኦሪንዳ ከተማ በኤርቢኤንቢ በተከራየ ቤት ውስጥ በተደረገ ድግስ ላይ በተከፈተ ተኩስ አምስት ሰዎች ሞቱ። ቤቱን ያስያዘችው ሴት የሰጠችው ምክንያት አስም ያለባቸው ዘመዶቿ ከሰደድ እሳት ጭስ ንጹሕ አየር ወዳለበት መሸሽ ይፈልጋሉ የሚል ነበር። ምክንያቱ ልብ ይነካል፤ ችግሩ ከቀሩት ነገሮች ጋር አለመግጠሙ ነው። ጥያቄው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነበር፣ ሌሊቱም የሃሎዊን ጭፈራ የሚደምቅበት ነበር። ኩባንያው ከዚያ በኋላ የድግስ ቤቶችን ከለከለ፤ በ2022ም በሰሜን አሜሪካ ጥያቄዎችን በኮምፒውተር የሚያጣራበትን ዘዴ ሲያስተዋውቅ የሚመዘኑት ነገሮች የቆይታው ርዝመት፣ ጠያቂው ከቤቱ ያለው ርቀት፣ ቀኑ የሥራ ቀን ወይም የሳምንት መጨረሻ መሆኑና የቀድሞ አስተያየቶች እንደ ሆኑ ገለጸ። ከእነዚህ አንዱም የሰውየውን መልክ አይመለከትም።

በእኛ ሁኔታ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደውሎ ሙሉ ቤት ለዚያው ሌሊት «ለሁለት ሰው» ሲጠይቅና ስለ መኝታ ሳይሆን ስለ ሳሎኑ ስፋት፣ ስለ መኪና ማቆሚያውና ስለ ጎረቤቱ ቅርበት ሲጠያይቅ ተመሳሳይ አለመግጠም ይታያል። ሆኖም ሰፈሩ ውኃ የጠፋበት፣ ከጎጃም የሠርግ እንግዳ የመጣበት፣ ለቅሶ ተቀምጦ ቤቱ የጠበበውም እንዲሁ በድንገት ይደውላል። ልዩነቱ «ስንት ሰው ያድራል? ለምን ጉዳይ?» ሲባሉ ይገለጣል። ለቅሶ ያለበት ሰው ሳያቅማማ ይመልሳል።

ከስርቆትና ከድግስ ይልቅ የሚከብደው ቤቱ ሰው ማቆያ የሚሆንበት አጋጣሚ ነው። አዲስ አበባ ወደ አረብ አገር ለመሄድ ከገጠር የሚወጡ ወጣቶች የሚሰባሰቡባት ከተማ ናት፤ ሕገወጥ አሸጋጋሪም ጉዞው እስኪሰናዳ ማቆያ ይፈልጋል። የእንግዳ መዝገብ የሌለው የግል ቤት ለዚህ ከአልጋ ቤት ይመረጣል። እዚህ ምልክቶቹ በማስያዙ ጊዜ በከፊል፣ ቁልፉ ከተሰጠ በኋላ በይበልጥ ይታያሉ። ስለ ብዙ ሰው የሚናገረው አንድ ሰው ነው፤ የሁሉም ፓስፖርት ወይም መታወቂያ በእርሱ እጅ ነው፤ አስቀድሞ «ጽዳት አያስፈልግም፣ ማንም አይግባብን» ይላል፤ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ ገበያው ደጃፍ ላይ ሆኖ ሳለ ከቤቱ ወጥቶ ሽንኩርት እንኳ የሚገዛ ሰው አይታይም። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። ሲደራረቡ ግን አከራዩ ራሱ በር ገፍቶ ሊመረምር አይገባውም፤ ለእርሱም፣ ከውስጥ ላሉትም አደገኛ ነውና። ተገቢው ለፖሊስ ማመልከት ነው። የሰው መነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ስላለ፣ እያወቀ ቤት የሰጠ ሰው «እኔ ያከራየሁት ቤት ብቻ ነው» ብሎ የሚያመልጥ አይመስልም።

ማንነትን መጠርጠር ለምን አይበጅም ለሚለው ጥናት አለ። ኤደልማን፣ ሉካና ስቪርስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ለ6,400 ያህል የኤርቢኤንቢ ቤቶች ከስም በቀር ተመሳሳይ የሆኑ ጥያቄዎች ልከው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ የጥቁር አሜሪካዊ ስም ያለው ጠያቂ ተቀባይነት የማግኘት ዕድሉ በ16 በመቶ እንደሚያንስ አሳይተዋል። ጠያቂዎቹ ስለ ራሳቸው የጻፉት አንድ ዓይነት ስለ ነበር አከራዮቹ የለዩት አደጋን ሳይሆን ስምን ነው። ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። የቀድሞው የቀበሌ መታወቂያ ብሔር የሚል መስመር ነበረው፤ በ2014ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅትም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአዲስ አበባ ይካሄድ የነበረው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንደሚያሳስበው ገልጾ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በስሙ የተነሣ ቤት የተከለከለ መንገደኛ የሚያጣው አንድ ሌሊት ብቻ አይደለም። በአንጻሩ ሙያው ማታለል የሆነ ሰው አከራዩን የሚያረጋጋውን ስም፣ አነጋገርና ሸሚዝ አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ቢሆን ይሻላል፤ ለጋሽ እገሌ የአብሮ አደግ ልጅም፣ ለማይታወቀውም። «ጤና ይስጥልኝ። ቤቱን ለመያዝ የሚያድሩትን ሁሉ ስም፣ የሚደርሱበትን ሰዓት፣ የመጡበትን ጉዳይና ቀብዱን የሚከፍለውን ሰው ስም ቢጽፉልኝ። ሲደርሱ የሁላችሁንም መታወቂያ አያለሁ» የሚል መልእክት ማንንም አያስቀይምም፤ በጽሑፍ ስለ ሆነም ኋላ ማስረጃ ነው። ብዙ አጭበርባሪ እዚህ ላይ ድምፁ ይጠፋል። እንግዳው ካልተስማማ መልሱ «ይህን ሳላሟላ ለማንም አላከራይም» ነው እንጂ «እርስዎን አላመንኩም» አይደለም። ፋይዳ ካርድ ያለው እንግዳ ማንነቱ በካርዱ ላይ ባለው ኮድ ሊጣራ ይችላል፤ ብሔርም አይጻፍበትም።

መታወቂያውን ካዩ በኋላ ምን ይደረጋል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። አከራዮች የእንግዳን ፓስፖርት ፎቶ አንሥተው ለደላላው፣ ለጥበቃው፣ አንዳንዴም ለሰፈሩ የቴሌግራም ቡድን ያስተላልፋሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥሩ 1321/2016 ነው፤ ከቤት ኪራዩ አዋጅ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መሆኑ አጋጣሚ ቢሆንም ለአከራይ ለማስታወስ ይመቻል። የተሰበሰበ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ሊውል ይገባል፤ ቅጂው በአንድ እጅ ይቀመጣል፣ ከፖሊስ ሲጠየቅ ይቀርባል፣ እንግዳው ሒሳቡን ዘግቶ፣ ቁልፉን መልሶ፣ የሚያከራክር ነገር እንዳልቀረ ሲታወቅም ከስልኩ ይጠፋል።