ከላሊበላ እስከ ደሴ፦ በረሃ ወደ ደጋ ሲወጣ





በከተማ የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች «በረሃ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ወዲያው ትዝ የሚለን አፋር ወይም ኦጋዴን ነው። በረሃ ማለት ግን የፀሐይ ግለት ብቻ አይደለም፤ ውሃው የደረቀበት፣ ጥላ የጠፋበት፣ አፈሩም ታጥቦ ድንጋዩ የቀረበት አገር፣ ብርድ እንኳ ቢኖረው፣ በረሃ ነው። ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ከላሊበላ ተነሥቶ እስከ ደሴ ያለውን፣ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ጎዳና በአውቶቡስ መስኮት እየተመለከቱ አንድ ቀን መጓዝ ብቻ ይበቃል። እኔም በጥር ወር 2011 ዓ.ም.፣ አገሩ ሰላም፣ መንገዱም ክፍት በነበረበት ጊዜ፣ የልደትን በዓል በላሊበላ አክብሬ በዚሁ ጎዳና ተመልሻለሁ።

አውቶቡሱ የተነሣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ ዐሥራ አንዱን ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ለማየት በየዓመቱ ብዙ ሰው ይጎርፍባታል። ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ብዙ የተጻፈ ስለሆነ እኔ አልደግመውም። ነገር ግን ከከተማው በስተሰሜን በዋሻ ውስጥ ያለውን፣ ከላሊበላ በፊት በነገሠው በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራውን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ግድግዳው የተሠራው ድንጋይና ትልልቅ የእንጨት አግዳሚ እየተፈራረቀ ነው። ያን የመሰለ ግንድ ዛሬ በላስታ ምድር ከየት ይገኛል? በዋሻው ዙሪያ የቀረው የጥድ ደን አገሩ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበረ የሚመሰክር ነው።

አውቶቡሱ ከላሊበላ ቁልቁል ወርዶ የአውሮፕላን ማረፊያው ወዳለበት ወደ ሹምሸሃ ሲደርስ፣ ከፍታው ከ2,000 ሜትር ያንሳል፤ ሙቀቱም ይጀምራል። በስተጀርባ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚደርሰው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ይታያል፤ በፊት ለፊት ደግሞ ግራጫ ኮረብታ በኮረብታ ላይ ተደራርቦ ይገኛል። ተከዜን የሚያበዙት ጅረቶች በጥር ወር ነጭ ጠጠር ብቻ ሆነው ተጋድመዋል። አልፎ አልፎ አንድ ግራር፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቋል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። በክረምት የሚወርደው ጎርፍ የላስታን አፈር ተሸክሞ በተከዜ ይጓዛል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብም የሚቀበለው ይህንኑ አፈር ነው። እንግዲህ የገበሬው ማሳ ሲራቆት የሚጎዳው ገበሬው ብቻ አይደለም፤ መብራት የሚጠብቀው የከተማ ሰውም ጭምር ነው።

ከአጠገቤ የተቀመጡትን አንድ የመቄት ሽማግሌ «አባቴ፣ ይህ ሁሉ ተራራ ድሮም እንዲህ ራቁቱን ነበርን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አዬ ልጄ!» አሉ፤ «እኔ ልጅ ሳለሁ በዚህ ሸለቆ ነብር ያስፈራ ነበር። ዛሬ ጥንቸልም የምትሸሸግበት የላት።»

«ታዲያ ዛፉን ማን ጨረሰው?»

«ማን ይጨርሰዋል፤ እኛው ነን እንጂ። እንጀራውን በምን እንጋግረው? ቤቱን በምን እንሥራው? ደግሞም እየመጡ ይተክላሉ። በክረምት በመኪና ይመጣሉ፤ ይተክላሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ይሄዳሉ። በበጋ ግን ውሃ የሚያጠጣው፣ ከብት የሚከለክልለት የለም። ችግኝ እንደ ልጅ ነው፤ መውለድ ብቻ አያሳድገውም።»

ይህ የሽማግሌው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ጋሸና ሲደረስ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ሆኖም ሜዳው እንደ ሸለቆው ሁሉ ራቁቱን ነው። ከዚህ ቦታ ጀምሮ የምንጓዝበት ጎዳና በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው፣ ወልድያን ከወረታ የሚያገናኘው መንገድ ነው፤ ያገሩ ሰውም «ቻይና መንገድ» ሲል ይጠራዋል። በድልብ አድርጎ እየተጠማዘዘ ሲወርድ መንገደኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውርጭ ወደ ወበቅ ይገባል። ካፖርቱን የለበሰ ያወልቃል፤ መስኮት የዘጋም ይከፍታል።

ከወልድያ በኋላ ጎዳናው ወደ ደቡብ ይታጠፍና በስሪንቃ፣ በመርሳና በውርጌሳ ያልፋል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ ወደ አፋር በረሃ እያዘቀዘቀ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊት ይመታል። በመንገዱ ዳር ጆንያ ሙሉ ከሰል ተደርድሮ ይታያል። ሾፌሮች ይቆማሉ፤ ይገዛሉ፤ ጣራ ላይ ይጭናሉ። ያ ከሰል ትናንት ግራር ነበር፤ ነገ ደግሞ በደሴና በአዲስ አበባ ቡና ይፈላበታል። ስለዚህ በረሃውን ወደ ደጋ የሚያወጣው የገበሬው ምሳር ብቻ ነው ማለት ትክክል አይሆንም፤ የእኛም ምድጃ አለበት።

በዚህ ጎዳና ላይ ከዚህ የከፋ ነገርም ታይቷል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የተራበው የወሎ ሕዝብ ከየተራራው ወርዶ በመንገዱ ዳር ወድቆ ነበር። ነገሩ ለብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ቆይቶ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ለዓለም ተገለጠ። በ1977ም ረኀቡ ተመልሶ መጣ። ዝናም መቅረቱ የሰው ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን የዘነበውን ውሃ የሚይዝ አፈርና ሥር ካልኖረ፣ ትንሽ ድርቅ ትልቅ ረኀብ ይሆናል።

ውጫሌን፣ ማለት በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመበትን ስፍራ አልፈን ወደ ሐይቅ ስንደርስ ዓይን ያርፋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በውሃው አጠገብ በዛፍ ተከብቦ ይታያል። ያው አገር፣ ያው ዝናም፣ ያው ፀሐይ ነው፤ ልዩነቱ ጠባቂ መኖሩና አለመኖሩ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር ወደ ተዘረጋችው ወደ ታላቂቱ ከተማ ወደ ደሴ ገባን።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአንድ ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ ተነግሯል። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት በዚሁ ጎዳና አልፎ፣ ላሊበላንም ደሴንም አዳርሷል። ጦርነት ባለበት ዛፍ የሚንከባከብ እንደማይገኝ የታወቀ ነው። ሰላም ባለበት ሁሉ ግን ሥራውን የምናዘገይበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ አሳቤን በሦስት ነገር እጠቀልላለሁ። አንደኛ፣ ችግኝ የሚተክል መሥሪያ ቤት ሁሉ በሐምሌ የተከለውን ሳይሆን በሚያዝያ በሕይወት ያለውን ቈጥሮ ሪፖርት ያቅርብ፤ በጋውን ያለፈው ብቻ ዛፍ ይባል። ሁለተኛ፣ ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ መጥቀሙን ሳልክድ፣ በተራቆተው ተራራ ላይ ወይራ፣ ጥድና ግራር ይቅደም፤ ቦታውም ከከብት ይከለል፤ የሚጠብቀው የቀበሌው ሰው ደመወዙን ያግኝ። ሦስተኛ፣ እኛ የከተማ ሰዎች በኤሌክትሪክ መጋገርና ማፍላት የምንችል ሁሉ ከሰሉን እንቀንስ።

ሽማግሌው እንዳሉት መትከል መውለድ ነው። የማሳደጉ ነገር ግን በበጋ የሚታይ ነው፤ በበጋ ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺ አይመጣም።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ