ሰም የሚጠብቀውና የማይጠብቀው፦ ከመኪና ቀለም እስከ ላሊበላ ዓለት

በላስታ ደጋማ ምድር ፀሐይ፣ ዝናብና አቧራ ምንም ነገር አይምሩም። በላሊበላ ጎዳናዎች የሚመላለሰው መኪናም ሆነ ከዓለት ተፈልፍለው የቆሙት 11 አብያተ ክርስቲያናት በእነዚሁ ሦስት ኃይሎች ይጠቃሉ። ለሁለቱም በአንድ ወቅት የታሰበው መፍትሔ ተመሳሳይ ነበር፤ ይኸውም ገጹን ውሃ በማያሳልፍ ነገር መሸፈን ነው። መፍትሔው ለመኪናው ይበጃል፤ ለዓለቱ ግን አልበጀም። ለምን ይሆን?

የመኪና ቀለም ስንት ንብርብር አለው?

የመኪና ቀለም አንድ ወጥ ልባስ አይደለም። በብረቱ ላይ በመጀመሪያ ዝገት የሚከላከል መሠረት ይቀባል፤ ቀጥሎ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለሙያዎች «ክሊር» የሚሉት ብርሃን አሳላፊ ልባስ ይደረባል። የሁሉም ድምር ውፍረት በአብዛኛው ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብረቱን ከዝገት የሚለየው እንግዲህ የአንድ ሉህ ወረቀት ያህል ውፍረት ነው።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአልትራቫዮሌት ጨረር ኃይል ደግሞ በየ1000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ጨረር የላይኛውን ልባስ ፖሊመር ሰንሰለቶች ስለሚበጥስ ቀለሙ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ሲነካም እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል።

ሰም ምን ይሠራል?

ለመኪና ከሚመረጡት ሰሞች አንዱ ካርናውባ ነው። የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዝርያ ቅጠል ሲሆን፣ የሚቀልጠው ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የንብ ሰም ግን በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ስለሚቀልጥ በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ በቀላሉ ያለሰልሰዋል።

የሰም ሞለኪውሎች ከውሃ ጋር አይዋደዱም። በመሆኑም ውሃው ከመንጣለል ይልቅ እንክብል ሠርቶ ይንሸራተታል፤ አቧራውንም ይዞት ይሄዳል። ሆኖም ሰም ጨረርን እምብዛም አያግድም፤ ለዚህ ዋናው መድኃኒት ጥላ ነው።

በቤት ውስጥ እንዴት ይቀባል?

በመጀመሪያ አቧራው በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። በደረቁ ከተወለወለ በአቧራው ውስጥ ያሉት የማዕድን ቅንጣቶች ቀለሙን ይቧጭራሉ። ቀጥሎ በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ፈጽሞ ማድረቅ ያስፈልጋል። ሰሙ የሚቀባው ብረቱ ሲቀዘቅዝ በጥላ ሥር፣ በትንሽ በትንሹ፣ እጅግ ስስ ሆኖ ነው። ደርቆ ጭጋግ ሲመስል በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። ውሃው እንክብል መሥራቱን ሲያቆም ሥራው ይደገማል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አይዘንጋ። ቀለሙ ካበጠና ከሥሩ ዝገት ከጀመረ ሰም አያድነውም። ውሃው አስቀድሞ ገብቷልና ሽፋኑ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጉዳቱን መሸሸግ ብቻ ነው።

ዓለቱ ለምን ተጎዳ?

ብረት ውሃ አያስርግም፤ ስለዚህ የላይኛውን ገጽ መድፈን ይበቃዋል። የላሊበላ ዓለት ግን ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የክረምት ዝናብ በጣሪያው ስንጥቆች ይገባል፤ በበጋም በግድግዳው ገጽ በኩል ተንኖ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በተካሄደ ጥገና የአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ገጽ በሬንጅ ተለብጦ ቀይ ቀለም ተቀባ። እንዲህ ያለው ልባስ የውሃውን መውጫ ይዘጋል። እርጥበቱ ከልባሱ ጀርባ ይታቆራል፤ ይዞት የመጣው ጨውም በዚያው ይረጋና ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረካክሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ መሪነት በተካሄደው ጥገና ከተከናወኑት ዋና ዋና ተግባራት አንዱ ይህንኑ ልባስ ማንሣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። የመጠለያዎቹ ክብደት በኋላ ሥጋት ቢያስነሣም፣ ሐሳቡ ግን ድንጋዩን ሳይደፍኑ ዝናቡን ከላይ መከልከል ነበር።

ራሳችሁ ሞክሩት

ሁለት ተመሳሳይ የሸክላ ጡቦች ውሰዱ። አንዱን ከታችኛው ገጹ በቀር በዘይት ቀለም ቀብታችሁ አድርቁት። ሁለቱንም ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አቁማችሁ አሳድሯቸው፤ ከዚያም አውጥታችሁ በየዕለቱ መዝኗቸው። ቶሎ የሚደርቀው ያልተቀባው ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እንግዲህ መኪናም ይሁን የቤት ግድግዳ ወይም ጥንታዊ ቅርስ፣ ከመሸፈኑ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው «ውሃው በየት ይገባል?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «የገባውስ በየት ይወጣል?» የሚለውም ነው።