ያውቁ ኖሯል? ወታደሩ ለራሱ ያነሣው ፎቶ

በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረው የፋሺስት ጣሊያን ጦር ይፋዊ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት፤ ሉቼ የተባለው የመንግሥት ተቋም ባለሙያዎች። እነሱ ለጋዜጣ የሚያቀርቡት የተመረጠውን ነበር፦ መንገድ ሲሠራ፣ ባንዲራ ሲሰቀል። ብዙ ተራ ወታደሮች ግን የራሳቸውን ትንሽ ካሜራ ይዘው ዘምተዋል። ፎቶውን ለቤተሰብ ይልኩታል፣ በአልበም ይለጥፉታል፤ አንዳንዱ ጀርባ ላይ ቦታውና ቀኑ በእጅ ተጽፏል። ከመልክዓ ምድሩና ከጓደኞቻቸው ፎቶ መሐል የተሰቀሉ ኢትዮጵያውያንና አጠገባቸው ተደርድረው የቆሙ ወታደሮች ይታያሉ። ለጉራ የተነሣው ምስል ዛሬ ለተበዳዩ ይመሰክራል። ብዙው ግን ሟቹ ማን እንደሆነ አይናገርም። እርስዎም ቤት የዚያ ዘመን ፎቶ ካለ፣ የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ስምና ቦታውን ጠይቀው ይጻፉ።