ይቅርታና ያልተጻፈው መጨረሻ፦ ክርስቲያናዊ የፍቅር ልብ ወለድ ስናነብ

«አማኝ የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብ ይገባዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በወጣቶች ኅብረትም ሆነ በእህቶች መካከል አልፎ አልፎ ይነሣል። አንዳንዱ «ፈጠራ ነው፤ ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ደግሞ «መንፈሳዊ» የሚል ስም ስላለው ብቻ ሳይመረምር ይቀበለዋል። ጌታችን ኢየሱስ በምሳሌ ያስተምር ነበርና ታሪክ መተረክ በራሱ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ታሪኩ ስለ ፍቅርና ስለ ይቅርታ ምን እንደሚያስተምረን መመርመር ይገባናል። ለዚህም በብዙዎች ዘንድ የተነበበ አንድ መጽሐፍ እንደ ምሳሌ እንመልከት።

መጽሐፉ

ፍራንሲን ሪቨርስ አሜሪካዊት ደራሲ ናት። ጌታን ከማግኘቷ በፊት ዓለማዊ የፍቅር ልብ ወለዶችን ትጽፍ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ካመነች በኋላ መጻፉን ለጊዜው ተወችና ፊቷን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መለሰች። ከትንቢተ ሆሴዕ ጥናቷም «ሪዲሚንግ ላቭ» የተሰኘው ልብ ወለድ ተወለደ፤ «የሚቤዥ ፍቅር» ማለት ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 ታተመ፤ በ1997 ተስተካክሎ በክርስቲያን አሳታሚ እንደገና ወጣ፤ በ2022 ደግሞ ፊልም ሆነ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1850 ገደማ፣ በካሊፎርኒያ የወርቅ ፍለጋ ዘመን ነው። ኤንጅል በልጅነቷ ለሴተኛ አዳሪነት የተሸጠች ሴት ናት። ማይክል ሆዜያ የተባለ ገበሬ የእግዚአብሔርን ድምፅ ሰምቶ ያገባታል። እርሷ ግን መወደዷን ማመን አቅቷት ደጋግማ ትታው ትሄዳለች።

የምንማረው መልካም ነገር

ይህ ታሪክ ይቅርታ ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል። ይቅር የሚለው ሰው ያዝናል፣ ይቆጣል፣ ከአምላኩ ጋር ይሟገታል፤ ከዚያም እንደገና ይቅር ይላል። ደግሞም ኤንጅል በዳይ ብቻ ሳትሆን የተበደለች ናት። በኃፍረት የኖረ ሰው «ተወደሃል» ሲባል ቶሎ እንደማያምን ይህን ያነበበ ያስተውላል። በቤተ ክርስቲያን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቡራኬው ሳያልቅ የሚወጣውን ሰውም በሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል።

መጽሐፍ ቅዱስ ሳይጽፈው የተወው

ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በሆሴዕ ምዕራፍ 3 ላይ ነቢዩ ሴቲቱን በ15 ብርና በአንድ ቆሮስ ተኩል ገብስ ገዛት። ብዙ ተርጓሚዎች ይህች ሴት ሚስቱ ጎሜር እንደሆነች ያስባሉ። ለብዙ ቀን አብራው እንድትቀመጥ ነገራት። ከዚያ በኋላስ? ልቧ ተመለሰ ወይ? በደስታ ኖሩ ወይ? መጽሐፍ ቅዱስ አይነግረንም። በሉቃስ 15ም አባትየው ታላቁን ልጅ ወጥቶ ለመነው እንጂ ልጁ ይግባ አይግባ አልተጻፈም።

ልብ ወለዱ ግን መጨረሻ አለው። ከዓመታት በኋላ ኤንጅል በገዛ ፈቃዷ ትመለሳለች። አንባቢው ደስ ይለዋል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ «እኔም ይቅር ካልኩ እርሱ ይመለሳል» ብለን ይቅርታን ከውጤቱ ጋር እናስራለን። ስንት እህት «ይቅር ብዬው አልተለወጠም፤ ምናልባት ይቅርታዬ ከልብ አልነበረም» እያለች ራሷን ትከስሳለች! እህቴ ሆይ፣ የሌላውን ሰው ልብ መመለስ በአንቺ ላይ የተጣለ ሸክም አይደለም። ሐዋርያው በሮሜ 12፥18 ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ስለ መኖር ሲመክር፣ «ቢቻል» እና «በእናንተ በኩል» የሚል ሐሳብ የጨመረው በከንቱ አይደለም።

ይቅርታና መተማመን

ዮሴፍ ወንድሞቹን በበቀል ዓይን አላየም። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን «ወንድማችሁ ነኝ» አላላቸውም። ይሁዳ በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን እስኪል ድረስ ፈተናቸው (ዘፍጥረት 42–45)። ይቅርታ ከእኛ በኩል ዛሬ ሊጀመር ይችላል፤ መተማመን ግን የንስሐ ፍሬ እየታየ ቀስ በቀስ ይሠራል።

ስለዚህ የምትደበደብ ሚስት የማይክልን ትዕግሥት አንብባ ዱላውን ችላ እንድትኖር ማንም አይምከራት። ይቅርታ አደጋን መደበቅ አይደለም። ከዱላ መራቅ፣ ለሚታመኑ ሽማግሌዎችና ለሕግ መናገር ይቅር አለማለት አይደለም። በልብ ወለዱም ቢሆን ኤንጅል ለመጨረሻ ጊዜ ስትሄድ ማይክል ተከትሎ አላመጣትም፤ ፍቅር አያስገድድምና።

እንዴት እናንብብ?

1. ትንቢተ ሆሴዕን አስቀድመን እናንብብ። ታሪኩ ወደ ቃሉ ከመለሰን ጠቅሞናል።

2. ባሎቻችንን በማይክል አንመዝን። ማይክል የተሣለው የእግዚአብሔርን ፍቅር እንዲያሳይ ነው፤ ያንን ፍቅር ከትዳር ጓደኛ መጠበቅ ሰውን ጣዖት ማድረግ ነው።

3. ዕድሜን እናስተውል። መጽሐፉ በሕፃን ላይ የሚደርስ በደልንና ዝሙትን ስለሚተርክ ለታዳጊዎች አይመከርም።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት ዛሬ በሕይወትህ ወይም በሕይወትሽ ውስጥ መጨረሻው ያልታወቀ የይቅርታ ታሪክ ይኖር ይሆናል። ሆሴዕም መጨረሻውን ሳያይ ታዘዘ። ቀሪውን ምዕራፍ ለሚያውቀው ጌታ እንተውለት።

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን።