ግራፍ የመንገድ ሥዕል አይደለም

በፊዚክስ ትምህርት ተማሪዎችን ከሚያደናግሩት ነገሮች አንዱ የእንቅስቃሴና የሞገድ ግራፍ ነው። ቀመሩን በቃሉ የሚወጣው ተማሪ እንኳ ግራፍ ሲቀርብለት ይወናበዳል። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ግራፉን እንደ ሥዕል ስለሚያየው ነው። እኛ እጩ መምህራን ነገ ይህንኑ ይዘን ክፍል የምንገባ ስለሆነ፣ ጉዳዩን ከወዲሁ አጥርተን ማወቅ ይገባናል።

ምሳሌውን ከዚሁ ከጉለሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት 1200 ሜትር በ20 ደቂቃ ወጣ እንበል። እዚያ 10 ደቂቃ አረፈና በ15 ደቂቃ ወርዶ ከተነሣበት ተመለሰ። ከመነሻው ያለውን ርቀት በቁሙ መስመር፣ ጊዜውን በአግድሙ መስመር አድርገን ግራፍ ብንሠራ፣ መስመሩ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፤ ቀጥሎ ይተኛል፤ በመጨረሻ ቁልቁል ይወርዳል። ታዲያ ተማሪው ይህን አይቶ «ዳገት፣ ሜዳ፣ ቁልቁለት» ብሎ ቢመልስስ? ትክክል ይመስላል፤ ግን አይደለም።

ስሕተቱን ለማሳየት ጉዞውን መገልበጥ ነው። ሰውዬው ከላይ ተነሥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ ይውረድ፤ ርቀቱም ከላይኛው መነሻ ይለካ። አሁን ሰውዬው ቁልቁል እየወረደ ሳለ የግራፉ መስመር ሽቅብ ይወጣል! ግራፉ የሚናገረው ስለ ከፍታ ሳይሆን ከመነሻው ስለ መራቅ ነውና። የተኛው መስመርም ዕረፍት እንጂ ሜዳ ማለት አይደለም። ፍጥነትን የሚያሳየው የመስመሩ መጋደል ነው፤ ይኸውም ሲወጣ በደቂቃ 60 ሜትር፣ ሲመለስ በደቂቃ 80 ሜትር ነው። ስለዚህ የመመለሻው መስመር ይበልጥ የቆመ ይሆናል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን፣ ማለትም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ርቀቱን ለ8116 ሰከንድ ስናካፍል አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.2 ሜትር ያህል ይመጣል። ይሁን እንጂ አማካዩ ሩጫውን አይተርክልንም። አበበና ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ብዙ ኪሎ ሜትር ጎን ለጎን ከሮጡ በኋላ አበበ ወደ መጨረሻው ገደማ ተለይቶ ወጣና በ25 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ገባ። በግራፍ ቢሠራ ሁለቱ መስመሮች ተደርበው ይሄዱና በመጨረሻ የአበበ መስመር ይበልጥ ይቆማል። ውድድሩን የሚነግረን ይህ መለያየት ነው።

ወደ ሞገድ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል፤ እዚህ ሁለት ግራፎች ቁርጥ አንድ ዓይነት ይመስላሉና። ረጅም ገመድ አንዱን ጫፍ ግድግዳ ላይ አስረን ሌላውን ወደ ላይና ወደ ታች እናወዛውዝ፤ መሐሉ ላይም ቀይ ክር እንሰር። ሞገዱ በገመዱ ላይ ሲሄድ ክሩ ግን እዚያው ሆኖ ይነሣል፣ ይወድቃል እንጂ አብሮ አይጓዝም። ገመዱን በአንድ ቅጽበት ብንስለው አግድሙ ርቀት ነው፤ ከጉብታ እስከ ጉብታ ያለውም የሞገድ ርዝመት ይባላል። የክሩን መነሣትና መውደቅ በየጊዜው ብንመዘግብ ግን አግድሙ ጊዜ ነው፤ ከጉብታ እስከ ጉብታ ያለውም የአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ጊዜ ይሆናል። የመጀመሪያው 2 ሜትር፣ ሁለተኛው 0.5 ሰከንድ ቢሆን፣ የሞገዱ ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትር ነው። ሁለቱን ያምታታ ተማሪ ግን ሜትርን ለሜትር ሲያካፍል ይገኛል።

ኧረ ይህ ለፈተና ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የመሬት መንቀጥቀጥን ያስታውስ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እንዲህ ያለውን ንዝረት የሚመዘግበው መሣሪያ የሚነድፈው መስመር አግድሙ ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የሚደርሰው ፒ የተባለው ሞገድ በመሬት ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ኤስ የተባለው በ3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከተላል። እንግዲህ በሁለቱ መድረሻ መካከል ያለው እያንዳንዱ ሰከንድ በግምት የ8 ኪሎ ሜትር ርቀት ማለት ነው። ልዩነቱ 17 ሰከንድ ከሆነ መነሻው ወደ 136 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አንድ ጣቢያ ርቀቱን እንጂ አቅጣጫውን ስለማይነግር፣ ቦታውን ለመለየት ቢያንስ የሦስት ጣቢያዎች መዝገብ ያስፈልጋል። አግድሙን ርቀት ነው ብሎ ያነበበ ሰው ግን ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ያበላሸዋል።

ስለዚህ ለልምምድ ስንወጣ፣ ተማሪው ስሌት ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እናስለምደው፦ አግድሙ ምንድን ነው? ቁሙ ምንድን ነው? መለኪያቸውስ? ይህን ሳይመልስ እርሳሱን አያንሣ።

ለአንባቢያን አንድ መልመጃ፦ በዚያው በ1200 ሜትሩ መንገድ አንዱ ሰው ከታች በደቂቃ 60 ሜትር ሲወጣ፣ ሌላው በዚያው ሰዓት ከላይ በደቂቃ 90 ሜትር ይወርዳል። የሁለቱንም ርቀት ከታችኛው መነሻ ለክታችሁ በአንድ ግራፍ ላይ ሥሩ። መስመሮቹ የሚቋረጡት በስንተኛው ደቂቃ፣ በስንተኛው ሜትር ላይ ነው? መቋረጣቸውስ ምን ማለት ነው? 8 ደቂቃና 480 ሜትር ያገኘ ስሌቱን ችሏል፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ለጓደኛው ማስረዳት የቻለ ግን ለማስተማር ደርሷል።