ሁለት አንጀቶች ሲቋጠሩ፦ ጊዜ የማይሰጠው ቁርጠት

መካነ ኢየሱስ፦ በእስቴ ወረዳ በአጨዳና በውቂያ ወቅት አርሶ አደሩ ቀኑን በሥራ አሳልፎ ማታ ጠገብ አድርጎ መመገቡ የተለመደ ነው። ሌሊት ብርቱ ቁርጠት ሲነሳበት "የበላው አልተስማማውም" ተብሎ እስኪነጋ ይጠበቃል። አብዛኛው ቁርጠት በራሱ ይለቃል፤ በአንጀት መዘጋት የመጣው ግን ጊዜ አይሰጥም።

በኢትዮጵያ ትልቁን አንጀት ከሚዘጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የአንጀቱ ታችኛ ክፍል በራሱ ዙሪያ መጠምዘዝ ነው። ከዚህ የከፋውና እምብዛም የማያጋጥመው ደግሞ ትንሹ አንጀት በዚሁ የትልቁ አንጀት ክፍል ሥር ተጠምጥሞ እንደ ገመድ ሲቋጠር ነው። ችግሩ በሕክምና ጽሑፍ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 ነው።

መነሻው አንጀቱ በተፈጥሮው ረጅምና እንደልብ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። እንዲህ ባለ ሰው ባዶ ሆድ ላይ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲገባ፣ የከበደው የትንሹ አንጀት ክፍል ወደ ታች ይወርዳል፤ ባዶው ክፍል ደግሞ ይዞራል። በዚህም የሁለቱም አንጀቶች የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ በሰዓታት ውስጥም ሊበሰብሱ ይችላሉ። ጾም በራሱ ግን በሽታውን አያመጣም።

ምልክቶቹ ድንገተኛ ብርቱ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሆድ መነፋት፣ እንዲሁም የዓይነ ምድርና የአየር መውጣት ማቆም ናቸው። ሕመሙን ከቀዶ ሕክምና በፊት ለይቶ ማወቅ አዳጋች ነው። ትውከቱ ትንሹ አንጀት መዘጋቱን ሲያመለክት፣ ራጅ ደግሞ ትልቁ አንጀት መነፋቱን ያሳያል። ተራ መጠምዘዝ ቢሆን በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ሊተነፍስ ይችላል፤ ቱቦው አልገባ ሲል ሐኪሙ ቋጠሮን ይጠረጥራል።

ሕክምናው አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ነው። አስቀድሞ ታማሚው በደም ሥር ፈሳሽና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦም ጨጓራው ይራገፋል። የበሰበሰ አንጀት ካለ፣ መርዙ ወደ ደም እንዳይሠራጭና አንጀቱ እንዳይፈነዳ ቋጠሮው ሳይፈታ ተቆርጦ ይወጣል። ጤናማው ጫፍ ይቀጠላል፤ ወይም ለጊዜው በሆድ ግድግዳ በኩል መውጫ ይበጅለታል።

በቤት ውስጥ ግን የሚያስቀምጥ መድኃኒት ወይም ኮሶ መስጠት፣ ሆድን ማሸትና ምግብ እንዲወስድ መገፋፋት አደጋውን ያባብሳሉ። ምልክቶቹ የታዩበት ሰው ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ሊወሰድ፣ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታልም ሳይዘገይ ሊላክ ይገባል። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ለሐኪሙ መንገርም ለውሳኔ ይረዳል።