ሸክላ ሠሪዋ ምን ታውቃለች?

«ችሎታ የዘር ነው፤ ከደም ጋር ይመጣል» ሲባል እንሰማለን። በተለይ ስለ ሸክላ ሠሪና ስለ ብረት ቀጥቃጭ እንዲህ ይወራል። አንዳንዱማ ጨርሶ «ቡዳ ናቸው» ይላል። እንጀራውን ከምጣዷ አውጥተን እንበላለን፤ ከእሷ ጋር ግን ገበታ አንቀርብም። ይኼ ደግ ነው ወይ?

እስቲ ሥራዋን እንመልከት። ሸክላ ሠሪዋ ያገኘችውን አፈር ሁሉ አታነሣም። የሚያጣብቀውን መርጣ ትቆፍራለች። አድርቃ ትወቅጠዋለች፤ ትነፋዋለች። ከዚያ የተሰበረ ገል አድቅቃ ትቀላቅልበታለች። ለምን ቢሉ፣ ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ በጣም ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ገሉ ግን አንዴ እሳት ያየ ነው፤ አይኮማተርም። ጭቃውን ደግፎ ይይዘዋል።

ምጣዱን ሠርታ ስትጨርስ ፀሐይ ላይ አታሰጣውም። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ቢያገኘው ጠርዙ ከመሐሉ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሲተኮስም እንዲሁ ነው። ውስጡ እርጥበት ከቀረ፣ እርጥበቱ በድንገት እንፋሎት ሆኖ ምጣዱን ያፈነዳዋል። የስንት ቀን ድካም በአንድ አፍታ!

ይህን ሁሉ ደም አላስተማራትም። እናቷ ናት ያስተማረቻት። ልጅ በመጀመሪያ አፈር ትሸከማለች፤ ቀጥላ ትንንሽ ዕቃ ትሠራለች። ምጣድ ሰፊና ስስ ስለሆነ ወደ ኋላ ነው የሚመጣው። እርግጥ አንዷ ከእኅቷ ይልቅ እጇ ቶሎ ይፍታታል፤ ይኼን አልክድም። ግን ጭቃ ሳይነካ የተፍታታ እጅ አለ?

ታዲያ ሙያው ለምን ከአንዳንድ ቤት አልወጣም? የእጅ ሙያተኞች በብዙ ቦታ ርስት አልነበራቸውም። ሌላውም ሰው ከእነርሱ ጋር አይጋባም ነበር። ስለዚህ ጭቃው እንጀራቸው ሆነ፤ ልጅም ያየችውን ሠራች። በሩን የዘጋነው እኛው ነን፤ ዘግተን ስናበቃ «የዘር ነው» አልን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሙያተኛን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

ገበያ ስትወጡ ምጣዱን በጣታችሁ ቆርቆር አድርጉት። ጥርት ብሎ የሚጮኸው ደህና ነው። ድምፁ የታፈነው ስንጥቅ አለበት። ካልለያችሁት ሠሪዋን ጠይቋት፤ በጆሮዋ ብቻ ትለይላችኋለች።